ስለ ቀላል ምግብ፤ ከአርቱዚ እስከ ኢታሚ

ምግብ በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ቦታ አለው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በንድፈ ሐሳብ ከመጀመር ይልቅ ግን ከአንድ ምሽት ገበታ ብነሣ እመርጣለሁ። በቅርቡ ጥቂት ባልደረቦቼን ወደ ቤቴ ጠርቼ ሁለት ነገር በእጄ አዘጋጅቼ አቀረብሁላቸው። አንደኛው ጣሊያኖች በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ብቻ የሚሠሩት ስፓጌቲ ነው። ሁለተኛው ጃፓኖች ሚሶ ብለው በሚጠሩት፣ ተብላልቶ በቆየ የአኩሪ አተር ሊጥ የተዘጋጀ ሾርባ ነው፤ ከጎኑ ነጭ ሩዝ ነበር። እንግዶቼ በሉ፤ ወደዱትም። ከመካከላቸው አንድ መምህር ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ለካ እንዲህ ቀላል ነገር ነው!» አለ።

ሊያመሰግነኝ ብሎ የተናገረው ነው፤ ቃሉ ግን ከነከነኝ። በቋንቋችን «ቀላል» ሸክም ሲሆን የማይከብድ፣ ሥራ ሲሆን የማያስቸግር፣ ሰው ሲሆን ደግሞ ቁም ነገር የሌለው ማለት ነው። አንድን ምግብ ቀላል ስንል ከሦስቱ የትኛውን ማለታችን ይሆን? ጣሊያንም ጃፓንም የቤት ምግባቸውን ቀላልነት እንደ አንድ የሥነ ጥበብ መርሕ ከፍ አድርገው የሚያሳዩ መጻሕፍትና ፊልሞች አሏቸው። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ ጥቂቶቹን በአንድ ጥያቄ ይመዝናል፤ ጥያቄውም «ድካሙ የት ሄደ?» የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ምግቦቹን እንያቸው። ለአራት ሰው 400 ግራም ስፓጌቲ፣ 4 ሊትር ውኃ፣ 40 ግራም ያህል ጨው። ውኃው በሚገባ ሲንተከተክ ፓስታው ይገባል። በሌላ መጥበሻ ላይ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በለዘብተኛ እሳት በወይራ ዘይት ይሞቃል፤ ትንሽ የሚያቃጥል ደረቅ ቃሪያ ጣል የሚያደርጉም አሉ። ፓስታው ጥርስን ጥቂት የሚቋቋም ሲሆን ወጥቶ ከዘይቱ ጋር ይገናኛል፤ ከተቀቀለበትም ውኃ አንድ ጭልፋ ይጨመርበታል። ምሥጢሩ በዚህ ጭልፋ ውስጥ ነው። ዘይትና ውኃ በተፈጥሯቸው አይስማሙም፤ የሚያስታርቃቸው ከፓስታው ወጥቶ ውኃውን ያደፈረሰው ስታርች ነው። ማማሰሉ በቂ ከሆነ ሁለቱ ተዋሕደው ፓስታውን እንደ ስስ ልብስ ይሸፍኑታል፤ በቂ ካልሆነ ዘይቱ ከሳህኑ ሥር ይተኛል። ነጭ ሽንኩርቱስ? ከወርቃማ ወደ ቡናማ የሚሻገርበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ ከተሻገረም ይመራል። መራራውን የሚሸፍን ቅቤም፣ ሥጋም፣ ቅመምም በሳህኑ ላይ የለም። እኔ ራሴ ይህን ምግብ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው ነው ለእንግዳ የደፈርሁት።

የጃፓኑ ሾርባ መሠረት ዳሺ የሚባል ንጹሕ መረቅ ነው። 10 ግራም ያህል ኮምቡ የተባለ የደረቀ የባሕር ውስጥ ቅጠል በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል። ከቆየ በኋላ ቀስ ብሎ ይሞቅና ውኃው ከመፍላቱ በፊት ቅጠሉ ይወጣል፤ ከፈላ ጣዕሙን የሚያበላሽ ሌላ ነገር ይለቅቃል። ቀጥሎ 20 ወይም 30 ግራም የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ይገባና ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሳይጨመቅ ይጠለላል። ሚሶው የሚበጠበጠው በመጨረሻ ነው፤ መዓዛው እንዳይጠፋ ከዚያ ወዲያ እንዲፈላ አይተውም። ሁሉም ተደምሮ ከስፓጌቲው ብዙም የሚረዝም ሥራ አይደለም።

እንግዲህ መምህሩ ያየው ይህን ነው። ያላየው ደግሞ ሌላ ነው። ፍቅፋቂው ካትሱኦቡሺ ይባላል። ከቱና ጋር የሚዛመደው ዓሣ ይቀቀላል፣ አጥንቱ ይለቀማል፣ ደጋግሞ በጢስ ይታጠናል፤ ምርጥ በሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ የተመረጠ ሻጋታ እንዲበቅልበት ይደረግና በፀሐይ ይሰጣል፣ ይህም ይደጋገማል። ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ ዓሣው እንደ እንጨት ይደርቅና በአናጢ መላጊያ በሚመስል መሣሪያ ይላጋል። ኮምቡውን ከሰሜኑ ከሆካይዶ ባሕር በበጋ የሚያወጡ፣ ዳር ላይ ዘርግተው የሚያደርቁ ሰዎች አሉ። በጣሊያን በኩል ብንሄድም እንዲሁ ነው፤ በፓስታ ላይ የሚፈገፈገው ፓርሚጃኖ አንዱ ድብልብል ወደ 550 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ከ12 ወር በታችም ለገበያ አይወጣም። የእኔ የሃያ ደቂቃ ሥራ የሌሎች ሰዎች የብዙ ወራት ሥራ የመጨረሻው ጫፍ ነው።

በዚህ ላይ ሳይንሱ የሚነግረን አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የቶኪዮው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከኮምቡ መረቅ ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ጣዕሙንም «ኡማሚ» አለው። ይኸው ንጥረ ነገር በበሰለ ቲማቲምና በቆየ ፓርሚጃኖ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሁለቱ ወጥ ቤቶች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ሲፈልጉ ኖረዋል ማለት ነው። ጣሊያናዊቱ እናት በቲማቲሟ ላይ አይብ ስትፈገፍግ፣ ጃፓናዊቱ ዓሣዋን በባሕር ቅጠል መረቅ ላይ ስትበትን፣ ከሥጋ ያልተገኘውን የሥጋ ጣዕም እየጠሩት ነበር።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንለፍ። በጣሊያን የቤት ምግብ ላይ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ተሰሚነት ያገኘው የፔሌግሪኖ አርቱዚ «በወጥ ቤት ያለ ሳይንስና መልካም የመብላት ጥበብ» ነው። አርቱዚ በ1820 በፎርሊምፖፖሊ ተወልዶ በፊሬንዜ የኖረ ነጋዴ ነበር። አሳታሚ አጥቶ መጽሐፉን በ1891 በራሱ ገንዘብ ሲያሳትም ዕድሜው ከሰባ አልፏል። የመጀመሪያው እትም 475 የአሠራር መመሪያ ነበረው፤ ደራሲው በ1911 እስኪሞት ድረስ እያሳደገው 790 አደረሰው። ጣሊያን አንድ መንግሥት ከሆነች ገና ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው የየአካባቢውን ቋንቋ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን የቦሎኛንም የፊሬንዜንም ድስት በአንድ ንጹሕ የጨዋታ ቋንቋ መጻፉ ቀላል ውለታ አይደለም። (ይኸው፣ እኔም ቃሉን ተጠቀምሁበት።)

አርቱዚ ጨዋታ አዋቂ ነው። ስለ ቲማቲም ሳልሳ ሊያስተምር ሲነሣ በየሰው ቤት ጉዳይ ጥልቅ የሚል አንድ ቄስ ያነሣል፤ የአገሩ ሰው ቄሱን «ዶን ፖሞዶሮ»፣ በእኛ አባባል «አባ ቲማቲም» ብሎ ሰይሞታል፤ ቲማቲም የማይገባበት የለምና። ከዚያም ደራሲው ሁለት ነገር ይለያል። ሱጎ ቲማቲሙ ብቻ በስሎ የተጠለለ ነው፤ ሳልሳ ግን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሴለሪ፣ በሶብላ መሰል ቅጠልና ዘይት የገባበት ነው። የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሁለቱም ቃላት አማርኛ ሆነዋል፤ ትርጉማቸው ግን ቦታ ተለዋውጧል። ዛሬ በአዲስ አበባ ምግብ ቤት «ፓስታ በስጎ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚጠብቀው የተፈጨ ሥጋ ያለበትን ነው፤ ሥጋ የሌለው የሽንኩርትና የቲማቲም ቁሌት «ስልስ» ይባላል። መዝገበ ቃላት ሳያማክር ቃልን እንዲህ የሚያበስል ሕዝብ ነው።

ይሁንና የአርቱዚ መጽሐፍ በጥያቄያችን ሲመዘን አንድ ጉድለት አለበት። ደራሲው ሚስት አላገባም፤ ድስቱ አጠገብ የሚውሉት የቤቱ ሠራተኞች ፍራንቼስኮ ሩፊሊና ማሪዬታ ሳባቲኒ ነበሩ። መመሪያዎቹ በእነሱ እጅ ተፈትነው፣ ተበላሽተው፣ ተስተካክለው ነው ወደ ወረቀት የደረሱት። መጽሐፉ ግን «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው። ማሪዬታ በስሟ የተጠራ አንድ የፓኔቶኔ ዳቦ አላት፤ በዚያም መመሪያ ላይ ደራሲው ሙያዋን ያመሰግናል። ከ790 አንዱ መሆኑ ነው። ለአርቱዚ መባል ያለበት ግን መባል አለበት፤ ሲሞት የመጽሐፉን የባለቤትነት መብት የተናዘዘው ለነዚሁ ለሁለቱ ነው። በገጹ ላይ ያልጻፈውን በኑዛዜው ጻፈው። እንደ ሰው ይህ ከብዙዎቹ ደራስያን ያስበልጠዋል፤ መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ግን ኑዛዜውን አያነብም። ስለዚህ አንባቢው ሥራው በራሱ የሚሄድ መስሎት ይቀራል።

አርቱዚ የቤትን ምግብ ከፍ ሲያደርግ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣ አንድ ሌላ ጣሊያናዊ ሊያፈርሰው ተነሣ። የፉቱሪዝም መሥራች የሆነው ባለቅኔ ፊሊፖ ቶማዞ ማሪኔቲ በታኅሣሥ 28 ቀን 1930 በአንድ የቶሪኖ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ መግለጫ አወጣ። ፓስታ ይጥፋ አለ፤ ሰውን ያከብዳል፣ ያዘገያል፣ ተስፋ ያስቆርጣል፤ በዚያ ላይ ስንዴው ከውጭ በውድ ይገዛል፣ የአገሩ ሩዝ ይሻላል። በ1932 ከሠዓሊው ፊሊያ ጋር አንድ የምግብ መጽሐፍ አሳተመ። ከመመሪያዎቹ አንዱ ቆዳው የተገፈፈ ሳላሚ በወፍራም ቡናና በኦዴኮሎኝ ሽቶ ውስጥ ቆሞ እንዲቀርብ ያዛል። ብዙ ሐያስያን ይህን እንደ ቀልድ ያልፉታል። እኔ በበኩሌ እንደ ቀልድ ማለፍ አልችልም። ማሪኔቲ ፓስታን የጠላው ስለ ሆድ ተጨንቆ አይመስለኝም። የጠላው በየቀኑ የሚደጋገመውን፣ ፊርማ የሌለውን፣ በሴት እጅ በየቤቱ የሚሠራውን ነገር ነው። በእርሱ ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይና የሠሪውን ስም የሚያስጠራ ካልሆነ ጥበብ አይደለም።

ነገሩ የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። ይኸው ባለቅኔ በ1935 አገራችንን ከወረረው የፋሺስት ጦር ጋር በፈቃደኝነት ዘመተ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም ዘመቻውን የሚያወድስ የግጥም መጽሐፍ አወጣ። ጦሩ በ1941 ተሸንፎ ወጣ። ሊያጠፋው የዛተበት ፓስታ ግን ቀረ። የቀረውም በቄንጥ አይደለም፤ በጾም ቀን በስልስ፣ በፍስክ በስጎ፣ አንዳንዴም በእንጀራ ላይ ተዘርግቶ በእጅ የሚጠቀለል ሆኖ ነው የቀረው። ወራሪን የመከተ ሕዝብ የወራሪውን ድስት ሳይፈራ መርምሮ የሚበጀውን መውሰዱ ከማሪኔቲ መግለጫ ሁሉ የበለጠ የጥበብ ሥራ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ከፓስታው ወደ ሩዙ ስንሻገር ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ፊልም ይቀድማል። ያሱጂሮ ኦዙ በ1952 የሠራው «አረንጓዴ ሻይ የፈሰሰበት ሩዝ ጣዕም» የተሰኘው ፊልም ርዕሱን የወሰደው ጃፓኖች ቸኩለው ወይም መሽቶባቸው ከሚበሉት እጅግ ተራ ምግብ ነው፤ የተረፈ ሩዝ ላይ ትኩስ ሻይ ይፈስሳል፣ ከጎኑ አቻር ይቀርባል። የስክሪፕቱ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። ኦዙ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጀው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ በዚያ ረቂቅ ባልየው ወደ ጦር ሜዳ ሊሄድ ሲል ባልና ሚስቱ ይህን ሩዝ ይበላሉ። የወቅቱ ሳንሱር ለዘማች የሚገባው የደስታ ቀን ምግብ የሆነው ቀይ ሩዝ ነው በማለት ተቃወመ፤ ኦዙም ሥራውን ተወው። ገበታ ቀላል በመሆኑ ብቻ ሳንሱርን ማስቆጣት ይችላል።

በ1952ቱ ፊልም ሚስትየው ከሀብታም ቤት የወጣች፣ ባልየው የገጠር ልጅ ነው። ሾርባውን በሩዙ ላይ ገልብጦ ሲበላ ትጸየፈዋለች። በመጨረሻ ሥራው ወደ ሩቅ አገር ሊልከው ሲል አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ይመለሳል። እኩለ ሌሊት ነው፤ ርቦታል። ሠራተኛዋን እንዳይቀሰቅሱ ብለው ሁለቱ ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ። መብራቱን ይፈልጋሉ፣ ሩዙን ይፈልጋሉ፣ ሰሃን ይፈልጋሉ። ሚስትየው እጇን አትክልቱ ወደሚብላላበት የሩዝ ፍሩሽካ ታስገባለች፤ (ይህ ፍሩሽካ እንደ እርሾአችን በየቤቱ በሕይወት የሚቆይ፣ በየቀኑ የሚማሰል ነገር ነው) ሽታው በእጇ ላይ ይቀራል። ከዚያ ተቀምጠው ሻይ ያፈሰሱበትን ሩዝ ይበላሉ፤ እርቁም ይወርዳል።

በሲኒማ ታሪክ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ዕርቅ ጥቂት ነው። ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ተክሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያጋንን ያሳየናል። ግን እንጠይቅ፤ እነዚህ ሰዎች በገዛ ወጥ ቤታቸው ሰሃን የጠፋባቸው ለምንድን ነው? በየቀኑ የሚገባው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ፍሩሽካውን ጠዋት ጠዋት እያማሰለ በሕይወት ያቆየው የሠራተኛዋ እጅ ነው። ለባልና ሚስቱ ያ ሌሊት የፍቅር ግኝት የሆነው ሥራው ለእነሱ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ለእሷ ቢሆን ተራ ማክሰኞ ነበር። ኦዙ ይህን አያውቅም አልልም፤ ዕቃ ፍለጋቸውን እንዲህ አስረዝሞ ያሳየን ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ግን ከእንቅልፏ አትነሣም፤ ፊልሙም ስለ እሷ አይጠይቅም።

የጃፓን ባህላዊ ምግብ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ክብር ነው፤ ቢሆንም ቅርስ የተባለ ነገር ሁሉ ለሚሠራው ሰው ሸክም የመሆን ጠባይ አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ የምግብ ባለሙያው ዮሺሃሩ ዶይ «አንድ ሾርባና አንድ ምግብ ይበቃል» የሚል ሐሳብ የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ ሲያወጣ ብዙ አንባቢ ያገኘው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ዶይ ሩዝ፣ ብዙ አትክልት የገባበት የሚሶ ሾርባና አቻር ካለ የቤት ገበታ ሙሉ ነው ይላል፤ ሾርባውም ዳሺ የግድ አያስፈልገውም፣ አትክልቱ ራሱ መረቅ ይሰጣል። ከላይ ስለ ዳሺ ያን ሁሉ የጻፍሁ ሰው ይህን ሳነብ ተከፍቼ ነበር። ሾርባውን እርሱ እንዳለው ሠራሁት፤ ከዳሺው ያንሳል። ሆኖም ዶይ ከጠቀስኋቸው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ከሥራ ደክሞ ስለሚገባውና ነገም ማብሰል ስላለበት ሰው ነው። ቀላልነትን ለበላተኛው ሳይሆን ለአብሳዩ ሰጠው። የመጽሐፉ ድክመት ጥሩ ሚሶና ጥሩ ሩዝ ያለ ድካም የሚገኙ አስመስሎ መናገሩ ነው፤ ድካሙን ከቤት አውጥቶ ከደጃፉ ውጭ ተወው።

በመጨረሻ ላነሣው የፈለግሁት የጁዞ ኢታሚን «ታምፖፖ» ነው፤ ፊልሙ የወጣው በ1985 ነው። ታምፖፖ ባሏ የሞተባት፣ ራመን የተባለውን የኑድል ሾርባ እየሸጠች ልጅዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሾርባዋ ግን አይጣፍጥም። ጣፋጭ እስኪሆን ድረስ ያለውን ልፋት ፊልሙ አይሰውርም፤ ድስት ስታነሣ፣ ስትሮጥ፣ ሰዓት ተይዞባት ስትሠራ፣ ስትሰደብ እናያለን። በየመካከሉ ከታሪኩ ጋር የማይገናኙ አጫጭር ትዕይንቶች ጣልቃ ይገባሉ፤ ሁሉም ስለ መብላት ናቸው። በአንደኛው አንዲት የሥነ ሥርዓት አስተማሪ ወጣት ሴቶችን ሰብስባ ስፓጌቲ ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚበላ ታስተምራለች። በዚያው ክፍል የተቀመጠ አንድ ነጭ ግን ስፓጌቲውን በታላቅ ድምፅ ይምገዋል። ልጃገረዶቹ ያዩታል፣ ይሰሙታል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም እንደ ኑድላቸው እየማጉ ይበላሉ። ጃፓን ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፓጌቲን በኬቻፕ ጠብሳ «ናፖሊታን» የሚል ስም የሰጠች አገር መሆኗን ለሚያውቅ ሳቁ ይበረታል። ኢታሚ የባዕድ ምግብ ፍርሃትን በሦስት ደቂቃ አፈረሰው።

ሌላው ትዕይንት ግን አያስቅም። አንድ ሠራተኛ በባቡር ሐዲድ ዳር እየሮጠ ወደ ጠባብ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ልትሞት ተኝታለች፤ ሐኪም፣ ነርስና ልጆቹ ከብበዋታል። ባልየው ምን እንደሚያደርግ ይጠፋውና እራት ሥሪ ብሎ ይጮኽባታል። ሴትየዋ ትነሣለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ የተረፈውን ሩዝ በመጥበሻ ትጠብሳለች፤ በቤት ውስጥ ከዚያ የቀለለ ምግብ የለም። አምጥታ ታቀርብላቸዋለች፤ ሲበሉ አይታ ፈገግ ትልና ትወድቃለች። ሐኪሙ ሰዓቱን ይናገራል። አባትየው እያለቀሰ ልጆቹን ያዝዛቸዋል፤ እናታችሁ የሠራችው የመጨረሻው ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉ። ልጆቹም እያለቀሱ ሩዙን ይጎርሳሉ።